ውሃ ማፍላት ፍሎራይድ አያወጣም! ለመቶኛ ጊዜ

ዛሬ ገና ከሥራ ሳልወጣ አንድ ፖስት ከሦስት ሰው ተላከልኝ። «የስምጥ ሸለቆ ውሃ ጥርስ እንዳያበልዝ በደንብ አፍልታችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት» ይላል። ከላኩልኝ አንዷ የገዛ እህቴ ናት። እኔ እንጀራዬ ውሃ መመርመር ነው፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

1. ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ግን ከእሳተ ገሞራ አለት ሟሙቶ የሚመጣ ነገር ነው፣ አይሞትም። 10 ሊትር አፍልታችሁ 9 ሊትር ሲቀር የተነነው ውሃው ብቻ ነው። በሊትር 7.4 ሚሊግራም የነበረው 8.2 ደረሰ ማለት ነው። ወጥ እየመጠጠ ሲሄድ ጨው አይበዛበትም? ያው ነው።

2. እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪንም፣ በነጠላ ማጥለልም አያወጣውም። (ሎሚው ከየት እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም።)

3. ጥርሱ የበለዘ ሰው «የማይፍቅ» አይደለም! ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ፍሎራይድ ያደረሰበት ጉዳት ነው። በመፋቂያ እስከ ነገ ቢፈቀፈቅ አይለቅም። መቂ አካባቢ ናሙና ልንቀዳ ስንሄድ ሴቶቹ ልጆች ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ጥርስ ደግሞ ቀላሉ ነው። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው አከርካሪያቸው እንደደረቀ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበ ነው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ።

በቅርቡ አንድ ናሙና መጣልን። በሃይላንድ ጠርሙስ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የቀበሌው ስም አለ፤ ቀን የለው፣ የጉድጓዱ ጥልቀት የለው። ያመጣው ልጅ «እባክሽ ቶሎ፣ ምረቃው እሁድ ነው» አለኝ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፓምፑ ገብቶ፣ ቦኖው ቀለም ተቀብቶ አልቋል! ውሃው የሚጠጣ መሆኑ መጨረሻ ላይ ነው የታወሳቸው።

ቀዩን ሪኤጀንት ጨመርኩ። ፍሎራይድ ካለ ቀዩ ይደበዝዛል፤ የዚህኛው ዓይኔ እያየ ነጣ። መሣሪያችን የሚያነበው እስከ 2 ስለሆነ በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥኜ ደገምኩት። 0.74። በአሥር አባዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። ጉድጓዱን ላስቆፈሩት ደወልኩ። ኃላፊው «የኔ እህት፣ ከኮሊፎርም ጀርም ነጻ ነው አይደል? እሱን ጻፊልን» አለኝ።

እሁድ ተመረቀ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየሁት፤ ሕፃናት በእፍኛቸው እየተሻሙ ሲጠጡ።

ያ ቀበሌ በሪፖርት አሁን «ንጹሕ ውሃ ሽፋን» ውስጥ ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት ራሱ ውሃ «ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚለው ከጀርም ብቻ ሳይሆን ከፍሎራይድና ከአርሴኒክም ነጻ ሲሆን ነው። እኛ ጋ ግን የሚቆጠረው ቦኖው ነው። የጉድጓዱ አቅም በፓምፒንግ ቴስት ሲለካ፣ ፓምፑ ሳይገዛ፣ አንድ ጠርሙስ ቢላክ ምን ነበረበት? ለምረቃው የታረደው በግ ይበልጥ ያስወጣል።

ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በ2008ቱ ኤልኒኖ ጊዜ መልሱ ሁሉ «ጥልቅ ጉድጓድ» ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን በጥልቀት መቆፈር መፍትሔ ላይሆን ይችላል፤ ከአለቱ ጋር ረጅም ዘመን የቆየ ውሃ ፍሎራይዱ ይበረታል። ካልሲየም ቢኖረው ይዞ ያዘቅጠው ነበር፣ እዚያ ያለው ውሃ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ጥሙን ትቆርጣለህ፣ አጥንቱን ታደርቃለህ።

4. (ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ 4 ይሁን) የሚሠራ ነገር አለ። አሉምና ኖራ በብዛት ጨምሮ ማዝቀጥ ይቻላል፣ ግን በየቀኑ የሚለካ ሠራተኛ ይፈልጋል። የከብት አጥንት ከሰልም ይይዘዋል። ይህን ሳስረዳ አንዲት እናት «በጾምስ?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ። ከሁሉ የሚሻለው ከአርሲ ደጋ በቧንቧ ማውረድ ነው፣ ይህ ግን በአንድ እሁድ አይመረቅም።

እህቴ አሁን ጻፈችልኝ፤ «ታዲያ ለልጆቹ ምን ላጠጣ?» ክረምት ነው፣ ከቆርቆሮሽ የሚወርደውን አጠራቅሚ። የመጀመሪያው ዝናብ ቆሻሻውን አጥቦ ይለፍ፣ ከዚያ ያለውን ለልጆቹ መጠጥና ወጥ ለይው፤ ልብሱን በጉድጓዱ እጠቢ። የዝናቡን ደግሞ አፍይው። እዚያ ላይ ማፍላት ይሠራል።