በሁለት ቋንቋ መማር ለተማሪ ቤት ልጆች ያለው ጥቅም

በሁለት ቋንቋ መማር ማለት አንዱን ቋንቋ ጥሎ ሌላውን ማንሣት አይደለም፤ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነገሩን እየተረዳ፥ ሁለተኛውን ቋንቋ በዚያው ላይ እየጨመረ የሚሄድበት የትምህርት ሥርዓት ነው እንጂ። ጥቅሙን በምሳሌና በምክንያት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ዳዊት የደገመ ልጅ ግዕዙን አቀላጥፎ ያነባል፤ ነገር ግን ንባቡን ማወቅ ምስጢሩን ማወቅ አይደለም። ምስጢሩ የሚገለጥለት መጽሐፍ ቤት ገብቶ መምህሩ የግዕዙን ቃል በአማርኛ አንድምታ ሲተረጉምለት ነው። አማርኛው ግዕዙን አላጠፋበትም፤ ከፈተለት እንጂ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ፥ ስለ ዕፀዋት አመጋገብ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በቃሉ አጥንቶ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ታናሽ ወንድሙ «ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ በአማርኛ ሲጠይቀው ግን የሚመልሰው አጣ። ትምህርቱ ከደብተር ወደ ልቡና አልተሻገረም ነበር።

ምሁራንም ጉዳዩን መርምረውታል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1962 ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የ10 ዓመት ልጆችን ፈትነው፥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አስተካክለው የሚያውቁት በማሰብ ችሎታ ፈተና አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት በልጠው መገኘታቸውን ገለጹ። ኋላ የመጡት የልጆቹን አመራረጥ ቢነቅፉም፥ ሁለት ቋንቋ አእምሮን ያደናግራል የሚለው የቆየ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ተዳክሟል። በካናዳ ያስተማሩት ጂም ከሚንስ ደግሞ ሁለት ነገር አስረዱ። አንደኛ፥ በመጀመሪያው ቋንቋ የተገኘ ዕውቀት ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ማካፈልን በኦሮምኛ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስሙንና አነጋገሩን መልመድ ነው። ሁለተኛ፥ ወደ ካናዳ የገቡ የስደተኞች ልጆች የጨዋታውን እንግሊዝኛ በ2 ዓመት ያህል ሲለምዱ፥ የትምህርቱን ለመቻል ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ በ9ኛ ክፍል፥ በአንዳንድ ስፍራም ከዚያ አስቀድሞ፥ የሳይንሱና የሒሳቡ ቋንቋ በአንድ ክረምት ይለወጣል። እንግሊዝኛ በመንገዱም በገበያውም በሚነገርበት አገር ይህን ያህል ዓመት ከፈጀ፥ ከክፍል ውጭ ለማይሰማው ልጅ ምን ያህል ይከብደው?

ስለዚህ እንግሊዝኛ ይቅር አንልም፤ መሻገሪያ ድልድይ ይሠራለት እንላለን። ይኸውም ዋና ዋና ቃላት በመጽሐፉ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፉ፥ መምህሩም ከባዱን ነገር ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ቢያብራራ፥ የትምህርት ዓይነቶቹም ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ቢሻገሩ ነው። ነገ በየስፍራው ለማስተማር የምንሰማራ እኛ ተማሪዎች ይህን ብናስብበት፥ የሚመጣው ልጅ ንባቡን ከነምስጢሩ ይዞ ይወጣል።