ስለ ጣና ዳርቻ ደንገልና ስለ ጀልባ መልሕቅ

መልሕቅ በመጽሐፍ የተስፋ ምሳሌ ሆኖ ተነግሯል፤ መርከብን በነፋስና በማዕበል መካከል የሚያጸና ስለ ሆነ ምሳሌነቱ የተገባ ነው። ነገር ግን ይህ ብረት ከውሃ በታች የሚያርፍበትን ስፍራ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። መልሕቅ በሣር ላይ ቢወድቅ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ነፋስም ጀልባውን ባዞረው ቁጥር ሰንሰለቱ መሬቱን እየጠረገ ይመላለሳል።

ይህ ጉዳት በሜዲቴራኒያን ባሕር በግልጽ ታይቷል። በዚያ ባሕር ወለል ላይ ፖሲዶኒያ የሚባል ሣር ይበቅላል፤ እርሱም ለዓሣ መጠለያ፥ ለማዕበል መግቻ፥ ለአሸዋም ማሰሪያ ነው። ሥሩ በዓመት ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በላይ ስለማይዘረጋ፥ ለሽርሽር የመጣ ጀልባ በአንድ ቀን የነቀለውን ለመተካት ብዙ ዘመን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእስፓኝ ባሌሪክ ደሴቶች በ2010 ዓ.ም. በዚህ ሣር ላይ መልሕቅ እንዳይጣል በደንብ ከለከሉ፤ ፈረንሳይም በ2011 ዓ.ም. ርዝመታቸው ከ24 ሜትር በሚበልጥ መርከቦች ላይ ይህንኑ የመሰለ ሥርዐት አወጣች። ይኸውም ሽርሽርን ለመከልከል አይደለም፤ ጀልባው ሣሩን ሳይነካ በተወሰነ ስፍራ፥ በተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ እንዲታሰር ነው እንጂ።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም፥ ከዚህ ነገር የምትማረው በጣና ሐይቅ ላይ አለ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ወለሉ ሲነካ ቶሎ ይደፈርሳል፤ ብርሃንም ወደ ታች አይደርስም። በዳርቻው የሚበቅሉት ደንገል፥ ፊላና ሸምበቆ ከጎንደር ደጋ በመገጭና በሌሎች ወንዞች የሚወርደውን ደለል ያጣራሉ። በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚወልዱ የጣና ዓሦች ጫጩቶቻቸው የሚያድጉት በዚሁ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ ደንገሉ የዓሣው ማሳደጊያ፥ የውሃውም ወንፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአባቶች ታንኳ ከዚሁ ደንገል የተሠራች ናት። ቀላል ስለ ሆነች የብረት መልሕቅ አያሻትም፤ ባለቤቷም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ደረቅ መሬት አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣታል። የሞተር ጀልባ ግን ክብደት አለው፤ መዘውሩ ጭቃውን ያናውጣል፥ ሣሩንም ይቆርጣል።

እውነቱን ለመናገር፥ ደንገሉን ያመናመነው ጀልባ አይደለም፤ እስከ ውሃው ጠርዝ የሚታረሰው እርሻ፥ የከብት ግጦሽና ያለ ልክ የሚደረገው አጨዳ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ተስፋፍቶ መከራውን አበዛው። ይሁን እንጂ በቆሰለ ገላ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር አይገባም።

ዐፄ ሱስንዮስ የከተሙባት፥ የደብረ ሲና ማርያምም ቤተ ክርስቲያን የሚገኝባት ጎርጎራ፥ በ2012 ዓ.ም. በታወጀው የገበታ ለአገር ሥራ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዷ ሆናለች። እንግዳ በበዛ መጠን ጀልባ መብዛቱ አይቀርም። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሕይወት ክልል ሆኖ ስለ ተመዘገበ፥ ጥበቃው በዓለም ፊት የተገባ ቃል ነው።

ስለዚህ የአገር ሹማምንት ጀልባ የሚቆምበትን ስፍራ ከደንገሉ አርቀው ቢወስኑ፥ በዚያም ጽኑ ማሰሪያ ቢያስተክሉ፥ ጀልባ ነጂዎችም በዳርቻው ሣር አጠገብ ሞተራቸውን ቀንሰው በዝግታ እንዲነዱ፥ በጀልባቸው ላይ የተጣበቀውንም የእምቦጭ ቁራጭ ሳያራግፉ ወደ ሌላ ስፍራ እንዳይሄዱ ቢያዝዙ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው። የደሴት ገዳማት መነኮሳትም ደናቸውን ጠብቀው ለትውልድ ያቆዩ ስለ ሆኑ፥ ተሳላሚውን ስለ ደንገሉ ቢመክሩት ቃላቸው ከደንብ ይልቅ ይሰማል።

ደንገሉ ከተነቀለ፥ ዓሣውም ከጠፋ በኋላ የሚወጣ ትእዛዝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል አያልፍም። ማሰሪያው መተከል የሚገባው ጀልባው ሳይበዛ፥ ዛሬ ነው።