ጉዝጓዝ ለአዳይቱ

ጉዝጓዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቡና ሲፈላ ወለል ላይ የሚበተነውን ቄጠማ ነው። የግብርና ሰዎች ግን ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይመጠው አፈር ለሚለብሰው ሣር፣ ገለባና የእንጨት ፍርፋሪም ይሉታል። በሌላው ዓለም የከተማ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሰብስቦ ከፊሉ ጉዝጓዝ፣ ከፊሉ ኮምፖስት ይሆንና ነዋሪው በጆንያ እየዛቀ በነጻ የሚወስድባቸው ቦታዎች አሉ። ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው የጂቡቲ መንገድ ላይ ላለችው አዳይቱ እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል ባይ ነኝ፤ ደግሞም ከኮምፖስቱ ይልቅ ጉዝጓዙ ይቅደም። አዋሽ ቅርብ ቢሆንም፣ በዚያ ሐሩር ባዶ አፈር ላይ የፈሰሰ አንድ ጀሪካን ውሃ ሥር ሳይደርስ በትነት ያልቃል።

ጥሬ ዕቃው ሁሉም የሚረግመው ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስን አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል፤ ከአሜሪካ ምድር መጥቶ የአዋሽን ሸለቆ ግጦሽ ውጦታል። ከሰል አክሳዩ ወፍራሙን ግንድ ይወስድና ቀጫጭኑን ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ጥሎት ይሄዳል። መፍጫ ማሽን የሚገባው ይኸው የተጣለው ነው። ለኮምፖስቱም ቢሆን አይታጣም፤ ደገኛው ኩበት አድርጎ የሚያነደው ፍግ እዚህ ማገዶ ስላለ በረት ውስጥ ይከመራል፣ የሹፌሮቹ ምግብ ቤትም የቡና አተላና የጫት ገረባ ያወጣል።

«እና የፕሮሶፒስን ዘር በነጻ ልናድል ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን ከነሕይወቱ በፍጋቸው ይዘሩታል። ስለዚህ ፍሬው ከመፈጨቱ በፊት መለቀም፣ ፍጉም መብሰል አለበት፤ የክምሩ መሃል ከ55 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ለቀናት ከቆየና ዳር ያለው ወደ መሃል ከተገላበጠ አብዛኛው ዘር ይሞታል። አምልጦ የበቀለውን ገና በችግኝነቱ መንቀል ነው። ውሃስ? እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ በትግራይ ደረቅ መሬት ኮምፖስት አስፋፍተዋልና በደረቅ ቦታም ይቻላል፤ እርጥበት ለመቆጠብ ግን ጉድጓድ ከክምር ይሻላል። መቆጣጠሪያውም አንድ በትር ነው፦ መሃሉ ተሰክቶ ሲመዘዝ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ እየበሰለ ነው፣ ደርቆ ነጭ ነገር ከያዘ ግን ውሃ ጠምቶታል።

በነጻ የተገኘ ይናቃል የሚሉም አሉ። ግን ፍሬያማነቱን ገና ላላየው ነገር ገንዘብ የሚከፍል ማን ነው? ይልቅ የሚያሰጋኝ የአሰጣጡ ነገር ነው። የፕሮሶፒስ ቅጠል የሌላውን ዘር ብቅለት ስለሚያፍን ሳይበስል አትክልት መደብ ላይ መድረስ የለበትም፤ ፍርፋሪው ለኒምና ለተምር ሥር፣ የበሰለው ለጎመኑ ይሁን። እሾሁም እግር ስለሚወጋ ደኅና አድርጎ መፍጨት ያሻል። ፍየሎቹን ከቦታው የሚያግደው አጥር ግን ወጪ የለውም፤ ያው ያልተፈጨው የደርጊ ሐራ እሾህ ነው።