ሰውነት ቢሻው እና ያልተቆጠረው ቢጫ ካርድ

ከልደታ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል በእግር የሚደረስበት የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን ስትገጥም ለ31 ዓመታት የተጠበቀ ደስታ አስተናግዷል። ዋሊያዎቹ በካርቱም 5 ለ 3 ተሸንፈው ስለነበር፣ የመልሱን ጨዋታ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነ። ከሜዳ ውጪ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች ግን ለአፍሪካ ዋንጫ አበቋቸው። ቀደም ሲል ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያው ውድድር የመሩት የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ፤ አሁን ተራው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሆነ።

በደቡብ አፍሪካ ዋሊያዎቹ ግብ ጠባቂያቸውን በቀይ ካርድ አጥተውም ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈው ከምድባቸው ቢሰናበቱም፣ አሰልጣኙን ይበልጥ የፈተናቸው ጎን ለጎን ይካሄድ የነበረው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ለእንግዳው ቡድን ግብ ያስቆጠረው በርናርድ ፓርከር፣ በኋላ በገዛ መረቡ ላይም አስቆጥሯል። ኢትዮጵያ ከአምስት ጨዋታ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ስለያዙ የምድቡ ፉክክር ያበቃ መሰለ።

ደስታው ሳይበርድ ሌላ ወሬ ተሰማ። በማጣሪያው ሕግ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ በቅጣት ያልፋል። ምንያህል ተሾመ ግን ሁለት ካርድ ኖሮበት ከቀናት በፊት በቦትስዋና ሜዳ ተሰልፎ ነበር። ማጣሪያው ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀ በመሆኑ ካርድ የሚቆጠረው በማስታወስ ሳይሆን በመዝገብ ነው። መዝገብ መያዝ በዋናነት የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ሆኖም አሰላለፉን የሚያወጣው አሰልጣኙ ስለሆነ ወቀሳው እርሳቸውንም መንካቱ አልቀረም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ፊፋም 2 ለ 1 የተገኘውን ድል ሽሮ ቦትስዋናን 3 ለ 0 አሸናፊ አደረገ፤ የኢትዮጵያ ነጥብ ወደ 10 ወረደ።

ስለዚህ ያለቀ የመሰለው ማጣሪያ እንደገና ተከፈተ። የመጨረሻው ጨዋታ ብራዛቪል ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ነበር። ዋሊያዎቹ 2 ለ 1 አሸንፈው የምድቡ መሪ ሆነው ጨረሱ። በእኔ ግምት የሰውነት ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ የተወሰደበትን ነጥብ እያሰበ የሚብከነከን ቡድን በባዕድ ሜዳ እንዲያሸንፍ ማድረግ ቀላል አይደለም።

በደርሶ መልሱ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል አለፈች። በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ፣ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት የቻን ውድድር፣ ኢትዮጵያ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸነፈች። አሰልጣኙ ብዙም ሳይቆዩ ተሰናበቱ፤ ቦታቸውን ፖርቱጋላዊው ማርያኖ ባሬቶ ተረከቡ። ዋሊያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ እየተመሩ ነው፤ በዚያ ማጣሪያ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱት በባሕር ዳር ስታዲየም ነበር።