ከመለቀቁ በፊት የሚፈተሽ ብራውዘር ቂሊንጦ መድረስ አለበት

ፋየርፎክስ 139 እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ሲለቀቅ፣ ቴምፖራል የሚባለውን አዲስ የጃቫስክሪፕት የቀንና የሰዓት አሠራር ይዞ ወጣ። ይህ አሠራር የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ዓመቱ 13 ወር መሆኑን፣ ጳጉሜን አንዳንዴ 5 ሌላ ጊዜ 6 ቀን መሆኗን ያሰላል። ታዲያ ሥራው ለሁሉም ሰው ከመድረሱ በፊት ናይትሊ በተባለው፣ በየዕለቱ በሚዘጋጀው የሙከራ ዕትም ላይ ቆይቷል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ፎርም ሲሞላ ምን እንደሚገጥመው በዚያን ጊዜ ሞክሮ ማሳወቅ የሚችለው፣ በዚህ አቆጣጠር የሚኖርና ናይትሊን ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን እንዲበዛ ከተፈለገ የመጫኛው መንገድ ቀላል መሆን አለበት።

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ማረሚያ ቤቱን ነው የሚያስበው። እዚያው አካባቢ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሶፍትዌር ምህንድስናም ያስተምራል። ናይትሊን ለብዙ ሰው የማድረሱን ሥራ ለመጀመር ከእንዲህ ያለ ግቢ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

የሊኑክስ ተጠቃሚ ሶፍትዌር የሚያገኘው በአብዛኛው ከማከማቻ ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች አፕት የሚባለው መሣሪያ ማከማቻውን አይቶ፣ ፊርማውን አረጋግጦ ይጭናል። በብራውዘር በኩል ግን ይህ መንገድ ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የፋየርፎክስ አዘጋጅ ሞዚላ የብራውዘሩን ስምና ዓርማ የሚጠቀም ሁሉ ለውጦቹን ያስጸድቅ አለ፤ ደቢያን ደግሞ ዓርማው ነፃ ፈቃድ ስለሌለው አልቀበልም ብሎ ብራውዘሩን አይስዊዝል ብሎ ሰየመው። ነገሩ እልባት አግኝቶ ፋየርፎክስ የሚለው ስም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት የሙከራ ዕትሞችን ለደቢያን ተጠቃሚ ፓኬጅ አድርጎ ያቀርብ የነበረው ማይክ ሆሜ ነው፤ ውለታው በበቂ አልተነገረለትም። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ፋየርፎክስን ስናፕ ወደሚባለው ሌላ የፓኬጅ ዓይነት ሲያዛውር ብዙዎች የለመዱትን፣ በአፕት የሚጫነውን የዴብ ፓኬጅ አጡ። በመጨረሻ ሞዚላ ራሱ በኦክቶበር 2023 የናይትሊ ዴብ ፓኬጆችን በራሱ የአፕት ማከማቻ ማውጣት ጀመረ፤ ዋናው ዕትም በጃንዋሪ 2024 ተከተለ።

ያልተለቀቀን ብራውዘር ፓኬጅ ማድረግ ፋይል መጠቅለል ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ የቁጥሩ ነገር አለ። የ140ኛው ዕትም ቤታ፣ ማለትም ከናይትሊ ቀጥሎ ያለው የሙከራ ዕትም፣ ከዋናው 140 በፊት የሚመጣ ነው። የደቢያን አቆጣጠር ግን ከቁጥሩ ኋላ የተለጠፈ ፊደልን እንደ ጭማሪ ስለሚያየው ቤታው ከዋናው የበለጠ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል። ተጠቃሚው ዋናው ሲወጣ ሳይደርሰው፣ ምንም የስሕተት መልእክት ሳያይ ቤታው ላይ ይቀራል። መፍትሔው ከፊደሉ በፊት ቲልድ የምትባለውን ምልክት ማስገባት ነው፤ አፕት እሷን ሲያይ ፓኬጁን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ፕሮፋይል የሚባለው የተጠቃሚው መረጃ ነው። በአዲስ ዕትም የተከፈተ ፕሮፋይል በአሮጌው ሲከፈት ሊበላሽ ይችላል። ፋየርፎክስ ከ67ኛው ዕትም ጀምሮ ለየጭነቱ የተለየ ፕሮፋይል የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ናይትሊም በራሱ ስም፣ ከዋናው ጎን ለጎን እንዲጫን ተደርጎ ይዘጋጃል።

ለእኛ የሚከብደው ግን ዳታው ነው። የሞዚላ የራሱ ማሻሻያ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ማውረድ ይችላል፤ አፕት ግን በየጊዜው ሙሉውን ፓኬጅ፣ ከ50 ሜጋባይት በላይ፣ እንደገና ያወርዳል። ከምንጩ ልገንባው ለሚል ተማሪ ደግሞ የሞዚላ መመሪያ ቢያንስ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታና 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ 8 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በሞባይል ፓኬጅ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ወጣት ሁለቱም አይሆኑም። የአንድ ግቢ ማከማቻ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አፕት ካቸር የሚባለው ፕሮግራም በአንድ ሰርቨር ላይ ከተጫነ ፓኬጁ ከውጭ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪው ሁሉ ከግቢው ውስጥ ይወስዳል። በመካከል ሌላ ሰርቨር ገባ ብሎ የሚሠጋ ካለ፣ አፕት የሚያምነው መስመሩን ሳይሆን የማከማቻውን ቁልፍ ነው። የተነካካ ፋይል ከተፈረመው ዝርዝር ጋር ስለማይገጥም አይጫንም። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 መጨረሻ በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ በቅርብ የተቀመጠ ቅጂ ያለው ግቢ ቢያንስ ያለውን ይዞ መሥራት ይችል ነበር።

የሚፈተሸውም ሞልቷል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ነው፤ ፊደሉ መታየቱ ግን አንድ ነገር፣ በወጉ መደርደሩ ሌላ ነገር ነው። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ሳይኖር በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያየ ጽሑፍ፣ ብራውዘሩ ከነጥቦቹ በኋላ መስመር መስበር እንደሚቻል ካላወቀ ከገጹ ጠርዝ አልፎ ይፈሳል። ነጥቦቹ አዲስ መስመር ከጀመሩም ንባቡ ይሰናከላል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ገጾች ዝርዝራቸውን በ፩፣ በ፪፣ በ፫ እንዲቆጥሩ የሚያስችለው ደንብ ከመቶና ከእልፍ በላይ በትክክል መሥራቱ መታየት አለበት። ዳንኤል ያዕቆብ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ለግዕዝ በኮምፒውተር ሲደክም የቆየ ሰው ነው፤ በዓለም አቀፉ የድር ጥምረት ውስጥም የግዕዝ ጽሑፍ አደራደር መስፈርቶች ተረቅቀዋል። መስፈርቱ ተጽፏል። በየዕለቱ ከሚወጣው ዕትም ጋር የሚያስተያየው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ ለመጀመር በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ያረጀ ሰርቨር፣ አንድ ፈቃደኛ የላቦራቶሪ ኃላፊ፣ የአማርኛ፣ የትግርኛና የግዕዝ የሙከራ ገጾችን የሚጽፉ ጥቂት ተማሪዎች ይበቃሉ። ያገኙትን ስሕተት ከነዕትሙ ቁጥርና ከነምስሉ ለሞዚላ የስሕተት መዝገብ ያስገቡ። አንድ ዕትም በናይትሊ 4 ሳምንት ያህል፣ በቤታ ደግሞ ሌላ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ማክሰኞ ቂሊንጦ ላይ የታየ ስሕተት ሚሊዮኖች ጋር ሳይደርስ ሊታረም የሚችለው በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው።