የጠመንጃ ማጽጃ ከመግዛታችሁ በፊት ቆሻሻውን እወቁ

ኢኮኖሚክስ ስማር በደንብ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ሰው የዕቃን ጥራት መለካት ሲያቅተው ዋጋውን አይቶ ይወስናል። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው ይላል። ሽቶ ላይም ስልክ ላይም እንደዚያው ነው። ሰሞኑን ግን ባላሰብኩት ቦታ፣ የጠመንጃ ማጽጃ ላይ አገኘሁት።

ገጠር ያሉት አጎቴ ፈቃድ ያለው ክላሽ አላቸው። ሲያጸዱት የኖሩት በላምባ ነው። አሁን ግን አንድ ጎረቤት «ደህናው የአሜሪካኑ ነው» ብሏቸው፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ እንድትይዝላቸው ንገራት አሉኝ። እኔም ከመንገሬ በፊት ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ።

ጠርሙሱ ሆፕስ ቁጥር 9 ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ የሚሸጥ፣ አሜሪካኖች በሽታው የሚያውቁት ዕቃ ነው። ግን ውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? ኬሮሲን! ማለትም የአጎቴ ላምባ። በርግጥ አልኮልና ሌላም ነገር አለበት፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። በዚያ ላይ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ከማስቸገር በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለመሆኑ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ምንድነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ቆሻሻው በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ጥላሸት ነው። ባሩድ ሲቃጠል የሚቀር ጥቁር ነገር። ይሄንን ላምባም፣ ሆፕስም፣ ሌላውም ማሟሚያ ከብሩሽ ጋር ያስለቅቀዋል። እዚህ ላይ ውዱ ጠርሙስ ሥራውን ያፋጥንላችሁ ይሆናል እንጂ ተአምር አይሠራም።

ሁለተኛው መዳብ ነው። የአረሩ ልባስ በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ እየተፋቀ ይቀራል። ይሄንን ላምባ አይነካውም፤ መዳብ የሚያሟማ፣ ብዙ ጊዜም አሞኒያ ያለበት ማሟሚያ ያስፈልጋል። መዳቡ ሲሟሟ ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፣ የነሐስ ብሩሽ ከተጠቀማችሁ ብሩሹ ራሱ መዳብ ስላለበት ጨርቁን ያሰማያዊዋል። አፈሙዙ ንጹህ ሆኖም «ገና አልጸዳም» እያላችሁ ስትፈትጉ ትውላላችሁ ማለት ነው። ደግሞ መዳብ የሚያሳስበው በዋናነት ዒላማ ተወዳዳሪዎችን ነው። ውስጡ በክሮም ለተለበጠ ክላሽ ያን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ጠመንጃ የሚገድለው ነው፤ ጨው። በብዙ የቆዩ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ቀለህ ግርጌ ያለችው መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ስትተኮስ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትተዋለች። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ዝገት ያመጣል። ክሮሙ አፈሙዙን ቢከላከልለትም የጋዝ ቧንቧውና ሌላው ብረት ይዝጋል።

ጨዉን ላምባም ዘይትም አያሟሙትም። የሚያሟማው ውሃ ነው። አዎ፣ ተራ ውሃ! የእንግሊዝ ወታደሮች ድሮ በማንቆርቆሪያ ማጥለያ የፈላ ውሃ በጠመንጃቸው አፈሙዝ ያፈሱ የነበረው ለዚሁ ነው። ዓድዋ ላይ የዋለው ውጅግራም ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ስለሆነ መድኃኒቱ ያው ውሃ ነው።

እንግዲህ ጥይቱ የየት እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ ጨው አለበት ብላችሁ ጀምሩ። በተተኮሰ ቀን በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረቅ፣ ጥላሸቱን በማሟሚያ ማውጣት፣ በመጨረሻ ስስ የጠመንጃ ዘይት መቀባት። ዘይቱን አትዝለሉ፤ ላምባ ያጸዳል እንጂ ከዝገት ብዙ አይጠብቅም። መወልወያ ዘንጉ ከክላሹ አፈሙዝ ሥር ተሰክቷል፤ የእንጨት ሰደፍ ያለው ከሆነ ብሩሹ ብዙ ጊዜ ሰደፉ ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካዝናውን አውልቁ፣ ቀጥሎ የጥይት ማረፊያውን ከፍታችሁ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ጥይት እዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር።

አሁን ዋጋው በገንዘብ ወደማይለካው ልምጣ። አንደኛ፣ ቤንዚን ተዉ። በርግጥ ጥላሸት ቶሎ ያስለቅቃል። ግን ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ በወለሉ ላይ እየሄደ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ሲደርስ እሳቱ መንገዱን ይዞ ወደ እናንተ ይመለሳል። ላምባም ቢሆን ከምድጃ ርቆ፣ ደጅ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና ለብቻውም ብረት ያዝጋል። ሦስተኛ፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጥቁር ነገር እርሳስ ስላለበት ልጆች ጨርቁን አይንኩት፣ እናንተም ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ለአጎቴ ደውዬ የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው። ውሃ፣ ሳሙና፣ ላምባና አንድ ብልቃጥ የጠመንጃ ዘይት። «ውሃ? ብረት ላይ?» ብለው ሳቁብኝ። ጨዉን አስረዳኋቸው፤ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ለካ በየዓመቱ የጋዙ ቧንቧ የሚዝገው ለዚህ ነው» አሉ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ የሚጠብቅ ዘመድ ካለ ይሄንን ላኩለት። ከአሜሪካ ጠርሙስ ይልቅ በስልክ የምትልኩት ምክር ቶሎ ይደርሳል።