የተቆጣ አንጀት

በኮሶዬና በአካባቢው ሕፃናትን ከሚያስጨንቁት በሽታዎች አንዱ ተቅማጥ ነው። ሆድን የሚቆርጠው፣ ትኩሳት የሚያስነሣው፣ አንዳንዴም ደም የሚቀላቅለው ከምን የተነሣ እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳችኋለን።

ዓይን የማያያቸው ጀርሞች በእጅ፣ በውሃና በምግብ አማካይነት አንጀት ይገባሉ። የአንጀት ግድግዳ ይህን ሲያውቅ፣ ፕሮቲን ከሚባል ነገር የተሠሩ ጥቃቅን መልእክተኞች ይልካል። እነዚህም «ጅብ በረት ገባ!» ብሎ እንደሚጮኽ ሰው ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው የሚደርሱት ነጫጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን ይዋጉታል። በዚህ ጊዜ አንጀቱ ይቀላል፤ ያብጣል። አንጀት ተቆጣ የምንለው ይህን ነው።

ጅብ ሲባረር በሩጫው መካከል ገብስ እንደሚረገጥ ሁሉ፣ ውጊያው ከረዘመ ራሱ አንጀት ይቆስላል። ስለዚህ አካላችን «ወጥቷል፤ ተመለሱ!» የሚሉ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉት። አንዱ ኢንተርሉኪን 10 ይባላል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች አንጀታቸው ሳያቋርጥ እንደሚቆጣ በ1993 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በእናት ጡት ወተትም ውስጥ ጀርምን የሚከላከሉና ቁጣን የሚያበርዱ ፕሮቲኖች አሉ።

ሕፃኑ በየቀኑ ጀርም የሚውጥ ከሆነ ግን አንጀቱ ፋታ አያገኝም። ተቅማጥ ባይታይበትም እንኳ እንደ ተቆጣ ይኖራል፤ የበላው በሚገባ አይዋሐደውም፤ ቁመቱም ይቀጭጫል። «እየበላ ለምን አያድግም?» ለምትሉን እናቶች አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ኩበት ከጠፈጠፋችሁ፣ ሕፃን ካጸዳዳችሁ፣ ከመጸዳጃም ከተመለሳችሁ በኋላ፣ እንዲሁም ምግብ ከመሥራትና ከማጉረስ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከጠፋ አመድ አለ አይደል?

2. ዶሮና ጥጃ ሕፃኑ ከሚድህበት ስፍራ ይለዩ።

3. እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ስጡት። ተቅማጥ ቢይዘውም ጡት አይቋረጥበት።

4. ተቅማጥ ሲጀምረው «ለምለም» የሚባለውን ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ከጤና ኬላ የተሰጣችሁንም ዚንክ፣ ቢሻለውም እንኳ፣ እስከ ታዘዘው ቀን ጨርሱለት።

5. ኮሶ የትል መድኃኒት እንጂ የተቆጣ አንጀት መድኃኒት አይደለም። ለሕፃን ከቶ አትስጡ።

ደም ካያችሁበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።